ስምንት መቶ ሊትር ጥቁር ውሃ

በሙያው የሚያውቁት ሁሉ «ጠብታ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ በኋላ ግን ተለጠፈበትና ቀረ፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ሆነ። ምን ይደረግ፣ ሰውየው ራሱ ነው የፈለገው! መተዳደሪያው ግድግዳና ግቢ፣ የጋራዥ ወለልና የሱቅ ደጃፍ በግፊት ውሃ ማጠብ ነው። ሌላው አጣቢ ማሽኑን አስነስቶ ያጥብና ቆሻሻውን ወደ ቦይ ለቆ ውልቅ ይላል። ጠብታ እንዲህ አይሆንለትም። ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት የዝናብ መውረጃውን አፍ በጎማ ምንጣፍ ይደፍናል፤ ከምንጣፉ ፊት አሸዋ የተጠቀጠቀበት ረጅም ከረጢት ያጋድማል፤ አጥቦ ሲጨርስ የተጠራቀመውን ውሃ በመሳቢያ ፓምፕ እየመጠጠ ፒካፑ ላይ ወዳለው ታንክ ይከተዋል። ፓምፑ የማይደርስባትን የመጨረሻዋን ኩሬ ደግሞ ተንበርክኮ በስፖንጅ ይለቅማታል። ደንበኞቹ በመስኮት እያዩት ይስቃሉ። ይሳቁ!

ሰውየው ምክንያት አለው። የዝናብ ቦይ ማጣሪያ የሚባል ነገር የለውም፤ የገባበት ሁሉ ቀጥ ብሎ ወንዝ ነው የሚወርደው። ወጣት ሳለ አንድ አለቃው የጋራዥ ወለል አሳጠበውና ዘይቱን ከነሳሙናው ቦይ ውስጥ አስለቀቀው። በማግስቱ በድልድዩ ሲያልፍ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈው አየ። ከዚያ ወዲህ በቃው። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ጣቱን ቀስሮ ይህችኑ ይደግማል፦ «ያጠብከው ቆሻሻ ያንተ ነው። ከግድግዳው ላይ አነሳኸው እንጂ አላጠፋኸውም። ማጣሪያ ጣቢያ ወስደህ እስክታስረክበው ድረስ ያንተ ነው።»

እንግዲህ ይህ ጠንቃቃ ሰው፣ ጠብታ ውሃ እንኳ የማያመልጠው ሰው፣ በዕድሜው ሙሉ አንድ ጊዜ ተሳሳተ። የተሳሳተውም በገዛ እህቱ ላይ ነው።

እህቱ ታላቁ ናት፤ «እትዬ» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር። አዝላ ያሳደገችው፣ ጡጦ ያጠባችው፣ ትምህርት ቤት እጁን ይዛ ያደረሰችው እሷ ናት። አሁን ሃምሳውን አልፎ፣ ፀጉሩም ሸሽቶት፣ አሁንም «አንተ ልጅ» ስትለው ጉልበቱን እያሻሸ ይነሳል።

ባሏ ግንበኛ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ግንበኛው» ይለዋል፣ እሷም ሳትቀር። ወሬ ጠላቱ ነው። ሠላሳ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ከአፉ የወጣውን ቃል ሰብስቡ ቢሏችሁ ከሰዓት በፊት ትጨርሳላችሁ። ጣሪያው ሲያፈስ ሳይነገረው ወጥቶ ይደፍናል፣ ጫማዋ ሲቀደድ ሳትጠይቀው ወስዶ ያሰፋዋል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ዝም። «ምነው እስቲ አንድ ነገር በለኝ!» ስትለው ፈገግ ይልና መልሶ ዝም። የጓሮውን ግድግዳ ራሱ ገንብቶ ራሱ ነጭ ቀባው፤ የበረንዳው ጣሪያ ስለሚከልለው ዝናብ አይነካውም። ግንበኛ ደግሞ ወረቀት አያውቅም። ልኩን፣ ቁጥሩን፣ ማስታወሻውን ሁሉ ሲጽፍ የኖረው ግድግዳ ላይ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ደም ግፊት ጣለው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ ያችው ስንት ጊዜ ያልተሠራባት ምላሱም ጭራሽ ተሳሰረች። የእትዬን ዓይን በዚያው ሰሞን ሞራ ጋረደው፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ጥቁርና ነጭ ትለያለች፣ ሌላው ሁሉ ጭጋግ ነው። አንዱ መናገር አይችል፣ አንዷ ማየት አትችል። በዚህ ዓይነት ሰባት ወር አብረው ከረሙ።

ግንበኛው አንድ ቀን ከጓሮ ከሰል አነሳ። በግራ እጁ ጨብጦ፣ በምርኩዝ ተደግፎ፣ ግድግዳው ላይ መጻፍ ጀመረ። እትዬ ከነጩ መሐል ጥቁር ነገር ሲበዛ ብቻ ይታያታል። «ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለችው። እጇን ያዘ፤ የራሷን ጣት የራሷ ዓይን ቆብ ላይ አሳረፈው፤ ከዚያ መዳፏን ወስዶ ግድግዳው ላይ ጫን አደረገው።

«ዓይኔ ሲበራልኝ እንዳነበው ነው?»

እጇን ጠበቅ አደረገላት። አዎ ማለቱ ነው።

ጎረቤቷ አንድ ቀን በአጥሩ አሻግራ አይታ «እኔ ላንብብልሽ?» ብላት ነበር። «ኧረ ተይ!» አለቻት እትዬ። «ሠላሳ ዓመት ዝም ያለ ሰው ነው። ዛሬ ያወጣውን በሰው አፍ አልሰማውም፤ በገዛ ዓይኔ ነው።» ለወንድሟም አልነገረችውም። በዚህ ዕድሜ ባሌ ደብዳቤ እየጻፈልኝ ነው ማለት አፈረች መሰለኝ። እሱም ሊጠይቃቸው ሲመጣ የከሰሉን ጭረት ያያል፣ ሐኪሞቹ እጅህን አፍታታ ብለውት ነው ብሎ ያልፈዋል።

ጽሑፉ መጀመሪያ በቁመቱ ልክ ነበር። ግንበኛው ሲደክም መስመሩም ዝቅ እያለ መጣ፤ በኋላ በወንበሩ ልክ፣ በመጨረሻ በጉልበቱ ልክ ሆነ። ከዚያ ቆመ። ግንበኛው ከተቀበረ ከአራት ወር በኋላ የእትዬ የዓይን ሕክምና ተራ ደረሰ።

ዓርብ ዕለት ጠብታ ሆስፒታል አስገባት። በር ላይ ስትደርስ ቁልፏን አውጥታ በመዳፉ አስቀመጠችለት። «ዶሮዎቼን ውሃ እንዳታስጠማቸው» አለችው። ሌላ ምንም አላለችም፤ ሌላ ሰው ቤቷ ውስጥ ምን ሊነካ ይችላል ብላ ትጠርጥር?

ጠብታ ቅዳሜ ጠዋት ለዶሮዎቹ ውሃ ሞልቶ ጓሮው መሐል ቆመና ዙሪያውን አየ። ሆዱ ባባ። ወለሉ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፣ አጥሩ ጠቁሯል፣ ያ ነጭ የነበረ ግድግዳ በከሰል ተዥጎርጉሯል። ነገ ዓይኗ ሊበራ ነው። ከስንት ጊዜ ጨለማ በኋላ መጀመሪያ የምታየው ይሄ ይሁን? ምስኪን እህቴን፣ አለ። የያዘውን ሥራ ለሰኞ አዛውሮ ፒካፑን ወደ ኋላ እየነዳ ከጓሮው በር አስጠጋ።

በሰው ሥጦታ አትፍረዱ። አንዱ አበባ ይገዛል፣ አንዱ ዘፈን ይጋብዛል፤ ጠብታ የሚያውቀው ማጠብ ነው።

እንደ ልማዱ የቦዩን አፍ ደፈነ፣ ከረጢቱን አጋደመ፣ ሳሙናውን ከታች ወደ ላይ ረጨ፣ እስኪሠራ አሥር ደቂቃ ጠበቀ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ማጠብ ጀመረ። ከላይ ቁጥር የሚመስል ነገር አለ፣ ቀስት አለ፣ እንደ ወደቀ እንጨት የተጋደመ ፊደል አለ። የግንበኛ ልክ ነው፣ አለ በሆዱ። ጥቁሩ ውሃ ወረደ። ነጩ ብቅ ሲል ልቡ ሞቀ፤ እየዘፈነም ነበር ይባል፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ። እንዲህ እያለ ጉልበቱ ልክ ደረሰ። የመጨረሻው መስመር ሳሙናው ቶሎ ስለሸሸለት ቁልጭ ብሎ ታየው። ሁለት ቃል ነው። አነበበው። ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ የቱቦውን ጫፍ አዞረበት።

ውሃውን መጥጦ ሲጨርስ የታንኩ መለኪያ ስምንት መቶ ሊትር ላይ ቆመ። ማጣሪያ ጣቢያው ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው። ሰኞ አስረክበዋለሁ ብሎ ክዳኑን ገጠመ።

እሑድ ጠዋት የዓይኗን መሸፈኛ ሲያነሱላት አጠገቧ ነበር። ብዙ ጊዜ እያርገበገበች ቆየች። ከዚያ ፊቱ ላይ አተኮረች።

«አንተ ልጅ! እንዲህ አርጅተሃል እንዴ?»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ የሚያየኝ ሰው ስለጠፋ ነዋ።»

ሳቀች። የሐኪሟን ልብስ አየች፣ የገዛ እጇን ገልብጣ አየች፣ የጥፍሯን ቆሻሻ አይታ «እንዴ!» አለች። መኪና ውስጥ ገብተው መንገድ ሲጀምሩ ግን ነገሯ ተለወጠበት። የሱቅ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

«ምነው፣ ብርሃኑ አመመሽ?»

«አይ። ምንም ነገር ማንበብ አልፈልግም። መጀመሪያ የማነበው አለኝ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ስንደርስ ታየዋለህ።»

እሱም ጓሮውን እያሰበ በልቡ «አንቺም ስንደርስ ታዪዋለሽ» አለ። ደስታውን መደበቅ አቅቶት መሪውን በጣቱ እየመታ ነዳ።

እቤት እንደ ደረሱ አልተቀመጠችም፣ ውሃ እንኳ አልጠጣችም። ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጥላ በሳሎን አልፋ፣ በማድ ቤት አልፋ፣ የጓሮውን በር ከፈተች። ጠብታ ከኋላዋ ቆሞ እልል እስክትል ይጠብቃል። ዶሮዎቹ ብቻ ይጭራሉ።

«ግድግዳው የት አለ?» አለች።

«ይኸው ፊትሽ! እንደ አዲስ አላደረግኩልሽም?»

ቀረብ አለች። ሁለት መዳፏን ነጩ ላይ አድርጋ እዚያም እዚያም ዳሰሰች። ዓይኗ የተሳሳተ መስሏት የታከመውን በእጇ ሸፍና በሌላው አየች፣ ደግሞ አቀያየረች።

«ጽሑፉስ?»

ይህን ጊዜ ነው ጠብታ የሠራው የገባው። እትዬ አልጮኸችም። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀስ ብላ ተንሸራታ መሬት ተቀመጠች።

«ሰባት ወር ጻፈልኝ» አለች። «አራት ወር ጠበቅኩት። አንተ በአንድ ቀን ቀደምከኝ።»

«እትዬ... አፈር ልብላ፣ አላወቅኩም...»

«አንብበኸዋል?»

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ኖሮ! ግን ፊቷን አየ። ባዶ እጇን ሊሰዳት አልቻለም።

«አነበብኩት» አለ። «እንዲህ ይላል፦ የኔ ብርሃን፣ ያላንቺ ዓለሙ ሁሉ ጨለማ ነው።»

ቀና ብላ በአዲሱ ዓይኗ አየችው። «እሱ ነው እንዲህ ያለው?»

«አዎ።»

«ግንበኛው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ከዚያ ድንገት «ያጠብክበት ውሃስ?» አለችው። «ቦይ ውስጥ ለቀቅከው?»

«ታንኩ ውስጥ ነው።»

ተነስታ ፒካፑ ጋ ሄደች። ክዳኑን አስከፈተችው፣ ጎማው ላይ ቆማ እጇን እስከ ክርኗ ነከረች። ስታወጣው ጥቁር ነበር። በቀሚሷ አልጠረገችውም።

«እንዳትደፋው።»

«እትዬ፣ ውሃ እኮ ነው።»

«እስክታስረክበው ያንተ ነው ትል የለም እንዴ? ይሄ ያንተ አይደለም። የኔ ነው። እንዳትደፋው ብዬሃለሁ።»

ለሰኞ ያዛወረውን ሥራ ሰረዘ። ማክሰኞ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሊያጥብ ቀጠሮ ነበረው፤ ያንንም ሰረዘ። ታንክ የሌለው ጠብታ ምን ይሠራል? እንደ ሌሎቹ ቦይ ውስጥ ልልቀቅ ይበል? ፒካፑ እንደ ቆመ እሷ በርጩማዋን አውጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ጠዋት ትከፍተዋለች፣ ታያለች፣ ትዘጋለች። ከሰሉ እየዘቀጠ ሄደ፤ ከላይ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ጠራ፣ ጥቁሩ ሁሉ ከታች ተኛ። የሰፈር ሰው ሲያልፍ «ምን እየጠበቅሽ ነው?» ይላታል። «ባሌን» ትላለች፣ ሰውየውም ደንግጦ ይሄዳል።

ለጠብታ ግን የባሰው ሌላ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሊያያት ሲመጣ በርጩማዋ ላይ እንደ ተቀመጠች «ከዚያስ ምን ይላል?» ትለዋለች።

«የቱ?»

«ከዓለሙ ሁሉ ጨለማ ነው ቀጥሎ።»

ሰኞ «ድምፅሽ ለኔ ሙዚቃ ነው» ይላል አላት። ማክሰኞ «እንደገና ብወለድ አንቺኑ ነው የማገባው» ይላል አላት። ረቡዕ ዕለት ምን እንዳላት እኔም ለመናገር አፍራለሁ፤ ከሠርግ መጥሪያ የቀዳው ነገር ነበር። እሷ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ታዳምጠዋለች። አንድም ቀን አላቋረጠችውም። እሱ ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ዳር መኪናውን... የለም፣ መኪናውማ እሷ በር ላይ ነው፤ በእግሩ ነው የሚሄደው፣ እየሄደም ብቻውን ያለቅሳል። ያ የመጨረሻ መስመር ከዓይኑ አልጠፋ አለ። ሁለቱ ቃላት። የገዛ ሳቁ ጆሮው ላይ ይጮህበታል።

ሐሙስ ሲመጣ ውሃው ሸቷል። እትዬ በርጩማዋን ወደ ቤት አስገብታ፣ ጫማዋን ተጫምታ ቆማ ጠበቀችው።

«በል ተነስ፣ እናስረክበው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሸተተ። እሱ ንጹሕ ሰው ነበር፤ እንዲህ አይቀመጥም።»

ማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ መዝጋቢው በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አደረገ። ጠብታን የሚያውቀው ሰው ነው።

«ጠብታ! ጠፋህ እኮ፣ እኛ ደግሞ ሞተ ብለን ነበር። ከየት ነው የዛሬው?»

«ከመኖሪያ ቤት።»

«ዘይት አለው?»

«የለውም።»

«ቀለም? አሲድ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አጠቆረው? ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጠብታ አፉን ሲከፍት እትዬ ቀደመችው። «ደብዳቤ ነው» አለች።

መዝጋቢው እስክሪብቶውን አቆመ። «ምን አሉኝ እናቴ?»

«ውሃው ደብዳቤ ነው፣ ልጄ። ባሌ የጻፈልኝ።»

መዝጋቢው ጠብታን አየ፤ ጠብታ መሬት መሬት ያያል። ሰው አለ፣ ከኋላቸው መኪና ተሰልፏል፣ ጥሩምባ ይነፋል። እሱ ግን ከዚያ በላይ መሸከም አልቻለም።

«እትዬ፣ ዋሽቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ገና የመጀመሪያዋ ቃል ከአፍህ ስትወጣ ነው ያወቅኩት። ግንበኛው የኔ ብርሃን ሊለኝ! አምፖል ሲቃጠል እንኳ ዝም ብሎ ነው የሚቀይረው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? ለምን በየቀኑ አስቀጠልሽኝ?»

«ደስ አለኛ። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ደስ አለኝ። ትናንት ግን ፈራሁ። ያንተ ወሬ በሱ ቦታ ሊቀመጥብኝ ነው። ስሞት ያንተን ይዤ ልሄድ ነው። እስቲ በሞቴ፣ እውነቱን ንገረኝ። አንዲትም ነገር አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ምን?»

«የመጨረሻዋን። ከታች፣ በጉልበት ልክ ያለችውን። ሳሙናው ሸሽቶላት ነበር። ሁለት ቃል ናት። አንብቤያት ሳቅኩ። ለአንቺ እንደሆነችም አውቄያለሁ፤ ሳላውቅ አይደለም ያጠብኳት፣ እትዬ። ያለቀ ወሬ ነው፣ ለማን ይጠቅማል ብዬ ነው።»

«ምን ትላለች?»

«ጨው ቀንሺ።»

ከኋላ ያለው ሹፌር ጥሩምባውን ደገመ፤ መዝጋቢው በእጁ ምልክት ጠብቅ አለው። ከዚያ ከእትዬ ደረት አንድ ነገር ወጣ። ጠብታ መጀመሪያ ልቅሶ መሰለው። ሳቅ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት!» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣፍጧል ወይ ስለው አንገቱን ሲነቀንቅልኝ! ይሄ እሱ ነው። ይሄስ የሱ ነው፣ አልዋሸኸኝም።»

ጠብታም መሳቅ ጀመረ። ግን እትዬ ድንገት አቆመች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ቆይ» አለች። «ቆይ እስቲ። ሐኪም ከከለከለው ወዲህ የሱን ለብቻው ነበር የምሠራው። አንዲት ፍሬ ጨው አልነካሁበትም።»

«እና?»

«እና የሱ ጨው አልነበረውማ! ጨው ያለው የኔ ነው። አይታየኝም፣ ዝም ብዬ በእፍኜ ነበር የምነሰንሰው። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ የኔን ሳህን ሲያይ ነው የከረመው። ግፊት እሱን እንደ ጣለው እኔንም እንዳይጥለኝ...» ጨርሳ ልትናገረው አልቻለችም። «መሞቻው ደርሶ፣ እጁ ከወንበሩ በላይ አልነሳ ብሎት፣ የኔን ጨው ነው ያሰበው። አንተ ደግሞ ያለቀ ወሬ አልከው።»

የመኪናውን በር ይዛ አለቀሰች። ያን አራት ወር ያላለቀሰችውን ሁሉ እዚያ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ የቆሻሻ ውሃ ጣቢያ በር ላይ አለቀሰችው። ጠብታ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ በክርኗ ገፋችው። የሚያደርገው ሲያጣ ሄዶ ቱቦውን ከማስረከቢያው ጉድጓድ ገጠመ።

መክፈቻውን ከማዞሩ በፊት አያት። ራሷን ነቀነቀችለት። መጀመሪያ የጠራው ውሃ ሄደ፣ ቀጥሎ ግራጫው፣ መጨረሻ ላይ ያ ከታች የተኛው ጥቁር ነገር እያንኮራፋ ወጣ። እትዬ ዓይኗን ሳትነቅል እስኪያልቅ አየችው። ጠብታ እንደ ልማዱ ታንኩ ውስጥ የቀረችውን ሊለቅም ስፖንጁን አንስቶ ነበር፤ እጁ አልታዘዝ አለው፣ መልሶ አስቀመጠው።

መዝጋቢው ከቢሮው ወጥቶ ደረሰኙን ለራሷ በእጇ ሰጣት። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች። ከዚያ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቃል በቃል ጮክ ብላ አነበበች፦

«ስምንት መቶ ሊትር። ከሰል። ሳሙና። አቧራ።»

አዲሱ ዓይኗ በዚህ ዓለም መጀመሪያ ያነበበው ይህን ነው። አራት ቦታ አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

ቤት ሲደርሱ ጠብታ ከመኪናው ሳይወርድ ሊሰናበታት ነበር፤ እሷ ግን ሞተሩን ሳያጠፋ «ግባ» አለችው። ገብቶ ከማድ ቤቱ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀመጠ። ድንች ስትልጥ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ድስቷን ስታማስል ጀርባዋን ያያል። ሁለት ሳህን ሾርባ አመጣች። አንዱን ከፊቱ አስቀመጠችለት።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው። «ብላ።»

ማንኪያውን አነሳና ቀመሰ። ጨው የሚባል ነገር አልነበረውም። የጨው ዕቃው ቦታው መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አሁን የለም፣ ጠፍቷል። ቀና ሲል እትዬ በዚያ አዲስ ዓይኗ አፉን አፉን ታየዋለች።

«ጣፍጧል?»

ጠብታ አንገቱን ነቀነቀላት። ከዚያ ሁለቱም አቀርቅረው ሾርባቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ።